ሲደርቅ ካኪ ይሆናል

ባለፈው ወር ለሥራ ሰመራ ሄጄ ነበር። ካረፍኩበት ሆቴል ጀርባ አንዲት ሴት የፍየል ቆዳ ታለፋለች። ቆዳውን የነከረችበት ባልዲ ውስጥ የግራር ቅርፊት ተዘፍዝፏል፤ ሽታው በመስኮቴ ገባ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ይላሉ። እኔ ግን ተናደድኩ። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ሙቀቱ ሊገድለኝ ሲል መልሼ ከፈትኩት። ሽታው እዚያው ነበር፤ መራራ፣ እርጥብ አፈርና ያደረ ሻይ የሚሸት፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ነገር። ይሄን ሽታ ከእጄ አስለቅቃለሁ ብዬ በልጅነቴ ስንት ቀን በአሸዋ ፈግፍጌአለሁ።

የኔ ነገር የሆነው ሰመራ አይደለም። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ እዚያ የነበረው ጥቁር ጠጠርና ነፋስ ነው። የሆነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በደርግ ጊዜ፣ አክስቴ ሉባባ ቤት።

እናትና አባቴ ገዋኔ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። «በሾፌር ጫጫታ መሃል ልጅ አይማርም» ብለው እኔን አዋሽ አስቀመጡኝ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ጣቢያው በር ላይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እትዬ የምታውቀውን ታውቃለች፤ የማታውቀውንም ታውቃለች። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ሰይድ። የመኪና ረዳት ሆኖ ሥራ እንደጀመረ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሰሜን እንዳለ ብቻ እናውቃለን። መጀመሪያ ላይ በሚያልፍ ሾፌር «ደህና ነኝ» ብሎ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። እትዬ ለዝምታው መልስ ነበራት፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ሌሊት ግን ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። የእሷ ጭንቀት ሰይድ ነበር። የኔ ጭንቀት ካኪ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዩኒፎርሜ ከሰይድ አሮጌ ሱሪ የተቆረጠ ነበርና አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ገመድ ስዘል ከኋላዬ ተተረተረ። እትዬ ጣፈችው፤ እራፊው ራሱ ተተረተረ። ዳይሬክተሩ ደግሞ በሰልፍ ላይ «ካኪ ያልለበሰ ተማሪ ግቢ አይገባም» ብለው አወጁ። የቀበሌ ሱቅ ሄድን፤ ያለው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነው። ከጅቡቲ በባቡር የማይገባ ነገር አልነበረም፤ ናይለኑ፣ ሽቶው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ከፊናንስ ፖሊስ ዓይን እየተሰወረ ይገባል። ካኪን ግን የትኛው ሞኝ በኮንትሮባንድ ያስገባል?

እትዬ አቡጀዲውን ገዝታ መጣች።

«ነጭ ነው እኮ» አልኳት።

«ነጭ መሆኑን ዓይን አለኝ፣ አያለሁ። እንነክረዋለን።»

«በምን?»

«በአላህ ዛፍ።»

ነገሩን የቀዳችው ከሃዋ ነው። ሃዋ ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን የአፋር ሴት ናት። የምታገለድመው ሽርጥ ቡናማ ነው፤ ራሳቸው ሴቶቹ በግራር ቅርፊት የሚያቀልሙት። እትዬ አንድ ጠዋት ሃዋ ወተቱን እየቀዳች እያለ ጎንበስ ብላ የሽርጧን ጫፍ ያዘችና አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ ካኪ አይደለም?» አለችኝ ወደኔ ዞራ።

አልነበረም። የጡብ ቀለም ነው። ግን ማን ይናገራታል።

«ዛፍ ነው» አለች ሃዋ፣ እግሯን ወደ ኋላ እየሳበች። «ቆዳውን ቀቅል። ጨርቅ ጨምር። አውጣ። ድገም። ድገም።»

«ሰማሽ?» አለችኝ እትዬ። «ቀላል ነው።»

ቀላልነቱ ለማን እንደሆነ በማግስቱ አወቅኩ። ቅርፊቱን የምልጠው እኔ ነኝ፤ እሾሁ እጄን ይሰነጥቀዋል። የምወቅጠውም እኔ ነኝ፤ ዘነዘናው ከኔ ቁመት ይበልጣል። ውሃውን ከባቡር ጣቢያው ቧንቧ ተሰልፌ የማመጣውም እኔ ነኝ። ረመዳን ገብቷል፤ አዋሽ በዚያ ወር ድንጋዩ ሳይቀር ይሞቃል፤ ጾመኛው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል። እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የምጾመው። እትዬ ይሄንን ግማሽ ቀን እንደ ውለታ ቆጠረችው። «ዘሃራ፣ አንቺ በልተሽ የለ? በይ ውቀጪ» ትለኛለች።

መጀመሪያ በትንሽ ሸክላ ድስት ሞከርነው። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ነክረን፣ አውጥተን፣ ጥላ ላይ አድርቀን፣ ደግመን ነከርን። አልዋሽም፤ ጥሩ ቀለም ወጣ። ሻይ ከወተት ጋር ሲዋሃድ ያለውን ይመስላል። እትዬ ቁራጯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ «ካኪ!» አለች፤ ለጎረቤት ሁሉ አዙራ አሳየች። በዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ እኔም ባለፈው ወር ሰመራ ላይ መስኮት አልዘጋም ነበር።

እጄ እስከ ክርኔ ቡኒ ሆነ። ትምህርት ቤት መምህራችን አየችውና «በትምህርት ሰዓት እንሶስላ ሞቀሽ ትመጫለሽ? ማን ሊያገባሽ ነው?» ብላ መዳፌን በማስመሪያ አቃጠለችው። ቅርፊት ነው ብላት አላመነችም። ቤት መጥቼ እያለቀስኩ ስነግራት እትዬ ምን አለች? «አየሽ፣ የማይለቅ ቀለም ነው ማለት ነው።»

በዚያ ረመዳን ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብን ነበር። የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛው ስኳር ስገዛ እፍኝ ይጨምርልኛል። እትዬ አስካለ የምትባል፣ ባሏ ባቡር ላይ የሚሠራ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ከአክስቴ ጋር በውሃ ወረፋ ተጣልታ ተኮራርፈው ነበር፤ እሷ ሳትቀር ሾርባ ሠርታ ለማፍጠሪያ ላከችልን። አያ ይማም ደግሞ ከረሜላ ይሰጡኛል፤ ሲሰጡኝ ግን ዓይን ዓይኔን አያዩኝም። አያ ይማም ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው፣ ወሎዬው ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጎበዝ ተማሪ መሆኔን ሰምተው ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ «ረመዳን ነዋ፣ ሸይጣን ታስሮ» አለች።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። አቡጀዲው በሸክላው ድስት አልገባ አለ። ትልቅ ገንቦ እንዋስ አልኳት። እሷ ግን መንገድ ዳር ካለው ጋራዥ ግማሽ በርሜል አንከባላ መጣች፤ የዝገት ቅርፊት የሚረግፍለት በርሜል። በአሸዋ አሸሁት፤ ዝገቱ እንደሆነ ዘር ያለው ይመስል መልሶ ይወጣል። ቅርፊቱን ቀቀልን። እትዬ አቡጀዲውን ከተተች። ቀጥላ አንሶላዋን ከተተች። ቀጥላ የራሷን ነጭ ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ጨመረች።

«ነጠላሽ ለምን?»

«እሳቱ ከነደደ አይቀር። ቡኒ ነጠላ ቆሻሻ አይዝም።»

በእንጨት እያማሰልኩ አየሁ። ውሃው ጠቆረ። ጨርቁ ቡኒ ሆነ፣ ከዚያ አመድ መሰለ፣ ከዚያ ጠቆረ። ዛሬ ሳውቀው የግራር ቅርፊትና ብረት ሲገናኙ የሚሆነው ይሄው ነው። ያኔ የማውቀው ነገሬ መበላሸቱን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ጥቁር ሆነ።»

«እርጥብ ስለሆነ ነው። ሲደርቅ ካኪ ይሆናል።»

አውጥተን በግቢያችን ሽቦ ላይ ሰቀልነው። ደረቀ። ሲደርቅ ይባስ ጠቆረ። «ውስጡ አልደረቀም» አለች። ማታም አልደረቀም፤ በማግስቱ ጠዋትም አልደረቀም። በዚያ የአዋሽ ፀሐይ! እንጨት በሚሰነጠቅበት አገር የኛ ጨርቅ ብቻ አልደርቅ አለ። በእንዶድ አጠብነው፤ እንዶዱ ጥርት ያለ ጥቁር አደረገው። ሃዋ ወተት ይዛ መጥታ አይታው እልልታዋን አቀለጠችው። አንዱን ጫፍ አንስታ ራሴ ላይ ጣል አደረገችና «ይቺ አገባ? ማን አገባ?» እያለች ሳቀችብኝ። አፋሮች ጋ ጥቁር ሻሽ የምታስረው ያገባች ሴት ናት። እኔ ማልቀስ ቃጣኝ። ካኪ ልልበስ ብዬ ሙሽራ ሆኜ ቀረሁ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ።

የዐስር ሶላት ተሰግዷል። እትዬ ጓዳ ሆና የሳምቡሳ ሊጥ ትዳምጣለች፤ እኔ ሽቦው ላይ ያለውን ጨርቅ አገላብጣለሁ። አጥራችን የእሾህ አጥር ነው፤ ወደ ጣቢያ የሚያልፍ ሁሉ ግቢያችንን ያየዋል። እትዬ አስካለ ጀሪካን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች። ጥቁሩን አንሶላ አየች፤ ጥቁሩን ነጠላ አየች። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀና ውሃው ፈሰሰ።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች።

በቀለሙ የደነገጠች መሰለኝ። እውነቷን ነው፣ ያስቀይማል አልኩ በልቤ። እሷ ግን እየሮጠች ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፤ ከኋላቸው አያ ይማም በምርኩዝ፣ ሌሎች ወንዶችም። «ሰይዶ! ሰይዶዬ! የኔ ሎጋ!» እያሉ ግቢውን ሞሉት።

እትዬ እጇ በዱቄት እንደነጣ ብቅ አለች። ሀገር ምድሩ የልጇን ስም እየጠራ ሲያለቅስ አየች። እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ ዘንድ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ መርዶ ነው። አንድ ጊዜ ጮኸችና መሬት ላይ ተዘረጋች። ዱቄቱና አቧራው አንድ ላይ ፊቷ ላይ ተለቀለቀ። ሁሉም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰይድ ብስክሌት ኋላ እያስቀመጠ ወንዙ ድረስ የሚወስደኝ ወንድሜ ነበር።

እትዬ አስካለ ተንበርክካ አክስቴን አቀፈቻት። «ማነው ያረዳሽ? ማን ጨካኝ ነው በጾም አፍሽ የነገረሽ? ከኢድ በኋላ ተባብለን አልነበር!»

አክስቴ ልቅሶዋን አቋረጠች። ቀና አለች።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ አሁን የምትነግሩኝ?»

«እኛማ ከሉን አይተን መጣን።»

«የቱን ከል?»

ሁሉም ወደ ሽቦው ዞረ። ጥቁሩ ጨርቅ ይወዛወዛል።

«እሱማ» አለች እትዬ፣ «የዘሃራ ዩኒፎርም ነው። ካኪ ነው። አልደረቀም።»

ደረታቸውን ሲመቱ የነበሩት ሴቶች እጃቸውን አወረዱ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ የቆሰለ ወታደር በአዋሽ ሲያልፍ የሰይድን መሞት ለአያ ይማም ነግሯቸዋል። አያ ይማም ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፤ «እናት በጾም አትረዳም፤ ጾሙን ትጨርስ፣ ከኢድ ማግስት በወጉ እንነግራታለን» ብለው ወሰኑ። ሽማግሌዎቹ ለሚስቶቻቸው ነገሩ፤ ሚስቶቻቸው ለከተማው። ሾርባው ለዚያ ነው፤ ስኳሩም ለዚያ፣ ከረሜላዬም ለዚያ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እትዬ ብቻ ነበረች የማታውቀው። ከዚያ ከሉ ሲታይ እያንዳንዱ ሌላው የነገራት መሰለውና ተንጋግቶ መጣ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለመጠየቅ አልቻለም?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ማስተባበያው ነው። አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብሽሪ ሉባባ። ስህተት ነው። ሌላ ሰይድ ነው። የጥጥ እርሻው ሰይድ።»

«አዎ፣ አዎ፣ ያ ረጅሙ» አለች አንዷ።

«አጭሩ ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ።

«እኔማ ሕልም አይቼ ነው» አለች እትዬ አስካለ።

አንድ ሰውዬ ደግሞ «እኔ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ነው የገባሁት» አለ። ከዚያ ሁሉ እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እኔ አመንኳቸው። ማመን ፈልጌ ነበር፤ ልጅ ነኝ፣ ረጅሙም ሆነ አጭሩ ግድ አልሰጠኝም። የማላውቀው ሰይድ በመሞቱ ደስ አለኝ። እንዲያውም በሆዴ እየተቆጣሁ ነበር፣ ለማይረባ ጥቁር ጨርቅ ይሄ ሁሉ ጩኸት ብዬ።

እትዬ የእያንዳንዱን ፊት በየተራ አየች። ከዚያ ተነሳች። በነጠላ ልትጠርግ ትከሻዋን ዳበሰች፤ ነጠላዋ ሽቦው ላይ ነው። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አላህ ይዘንለት» አለች። «እንግዲያ የዚያ የጥጥ እርሻው ሰይድ እናት፣ አያ ይማም፣ መቼ ነው የምትረዳው?»

አያ ይማም ምርኩዛቸውን አዩ። «ከኢድ ማግስት… ንጋት ላይ።»

«በጀ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት። ጾሟን ትጨርስ።» ዞር ብላ ወደ ጓዳ እየሄደች «ሊጤን አደረቃችሁት» አለች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ለእግራቸው ድምፅ እየተጠነቀቁ ወጡ። እትዬ ሳምቡሳዋን ጠበሰች። ጣቢያው በር ላይ ወስዳ ሸጠች። የዚያን ማታ ማንም ዋጋ አልተከራከራትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት የረመዳን ቀኖች ትዕግሥቴን ጨረሱት። ሰይድ ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ቤታችንን ሞላው። እትዬ ሸሚዞቹን ከሳጥን አወጣች፤ እኔ አጠብኳቸው። ቁልፍ የጎደለውን ቁልፍ ተከለችለት። ፍራሹን አስፈታችኝና ጥጡን ፀሐይ ላይ አሰጣችኝ፤ እንደገና አሰፋችኝ። «ሲመጣ ይሄን ጣሪያ ያድሰዋል» ትላለች። «ሲመጣ በርበሬ እንዳይጎድል።» እኔ ተቃጠልኩ። ልጁ መምጫው ሳይታወቅ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ለምንድነው? ባቡሩ መቼም ዛሬ አያመጣው!

አንድ ማታ ከማፍጠሪያ በኋላ ይዛኝ አያ ይማም ሻይ ቤት ገባች። ወንዶቹ ቁጭ ብለዋል። መሃል ላይ ቆመችና «ለሰይዶ ዱዓ አድርጉልኝ» አለች። «በሰላም እንዲመለስልኝ።»

ወንዶቹ ተያዩ። ብርጭቆ ያስቀመጠ ሳይቀር ብርጭቆውን መልሶ አነሳው።

«አያ ይማም፣ እርስዎ ይምሩ» አለች።

አያ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓውን ጀምረው «በሰላም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሳሉና እንደገና ጀመሩ። ሌሎቹ «አሚን» ሲሉ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ነው፤ ሽማግሌ ሆነው አሚን ማለት እንኳ ያቅታቸዋል ብዬ ታዘብኳቸው። እትዬ ግን እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ጨረሰች፤ «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ጥቁሩን አቡጀዲ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰደችው። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ምድር ላይ ተንከባለልኩ። «ልብስ ነው፤ ይለበሳል» አለች። እሱን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ እሷም አብራኝ መጣች። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ይሄ ካኪ ነው?»

«ካኪ ነው። ሲደርቅ ይገለጣል።»

ዳይሬክተሩ «ትግባ» አሉ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። እትዬ በድርቅና ያሸነፈች መሰለኝ። ካኪ በለበሰው ሰልፍ መሃል እኔ ብቻ ጥቁር ሆኜ ቆምኩ። መንገድ ላይም ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ፤ እትዬ አስካለ አንዴ ራሴን ደባብሳኝ እንባዋ መጣ። ልብሱ በጣም ቢያስቀይም ነው አልኩ። ስንቱን ቀን ስሰድበው ዋልኩ ያንን ልብስ። ለሰይድ በከተማው መጀመሪያ ከል የለበስኩት እኔ ነበርኩ፣ ያለማንም ፈቃድ፣ እየተነጫነጭኩ።

እትዬ በነዚያ ቀኖች ምን ይሰማት እንደነበር አሁን አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥርም በእሷም በእነሱም እናደዳለሁ። ሐዘን ቀጠሮ ይያዝለታል? ያለቀሰችውን ልቅሶ እንዴት መልሳ ዋጠችው? ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃትም «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» ብላ ትመልስልኝ ነበር።

ኢድ ሆነ። ከገዋኔ ከእናቴ የተላከልኝን አበባ ያለበት ቀሚስ ለበስኩ፤ ያንን ጥቁር ነገር ከአልጋ ሥር ወረወርኩት። ፍየል ታርዶ ነበር። እትዬ ለጎረቤት ሁሉ ሥጋ በሳህን እየላከች እኔን ከቤት ቤት ስታመላልሰኝ ዋለች። እግሬ እስኪቃጠል። ማታ ደክሞኝ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ንጋት ላይ በድምፅ ነቃሁ። ቤቱ ተጠርጓል። ሳጥኑና ወንበሩ ወደ ጥግ ተገፍቶ ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። ከጎረቤት ልትዋስ የማትወደው ሴት ተውሳ፣ ማታ እኔ ስተኛ አንጥፋው ነው። በሩ ተከፍቷል። እትዬ ታጥባ፣ ያንን የጠቆረ ነጠላ ለብሳ፣ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። ውጪ አያ ይማምና ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ እትዬ አስካለና ሴቶቹ ከኋላ። ማንም ቀድሞ መግባት አልቻለም።

«ግቡ» አለቻቸው።

ገቡ። ተቀመጡ። አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«ይንገሩኝ እንጂ» አለች እትዬ። «አሁን በወጉ ንገሩኝ። ያን ለት አበላሽታችሁታል።»

አያ ይማም ነገሯት፤ ስሙን ጠርተው፣ የወደቀበትን አገር ጠርተው፣ ቀስ ብለው። እዚያ ቤት ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ አዲስ ወሬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።